ምክክር በቼዝ ሰሌዳ፣ ምክክር በቤት



በየቤታችን ዘወትር የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ። «ተማክረን ነው የወሰንነው» እንላለን። የቤት ኪራይ ተወዶ ሰፈር ሲቀየር፣ እናት በፋብሪካዋ የሌሊት ተራ ሲደርሳት፣ ልጅ ትምህርት ቤት ስትለውጥ፣ ዘመድ ታሞ አስታማሚ ሲያስፈልግ፣ ሁሉም ነገር «ተማክረን» ይባላል። ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን ብዙውን ጊዜ የተደረገው ምክክር አይደለም። አንዱ ተናግሯል፤ ሌሎቹ በዝምታ ተቀብለዋል። ወይም ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናግረው ድምፁ የጎላው ረትቷል።

ታዲያ ምክክር ማለት ምን ማለት ነው? በዛሬው ዓምዳችን ይህን ጥያቄ የምናየው ብዙዎቻችን የወንዶች መዝናኛ አድርገን በምንቆጥረው በቼዝ ጨዋታ አማካይነት ነው። «እኔና ቼዝ ምን አገናኘን?» የምትሉ እናቶችና እኅቶች ጥቂት ታገሡኝ። የምነግራችሁ ታሪክ ከ50,000 በላይ ሰዎች በአንድ ወገን ሆነው አንድን ሰው ለማሸነፍ ስለ ተማከሩበት ጨዋታ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሐሳቧ ከማንም ይልቅ ሲደመጥ የከረመውም የአንዲት የ15 ዓመት ልጃገረድ ነበር።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላስታውስ።

ጥቂት ስለ ጨዋታው

ቼዝ 64 ቤቶች ባሉት ሰሌዳ ላይ ሁለት ወገኖች እያንዳንዳቸው 16 ጠጠር ይዘው የሚጫወቱት ነው። ዓላማው የባላጋራን ንጉሥ መውጫ ማሳጣት ነው። ከጠጠሮቹ ሁሉ ኃይለኛዋ ንግሥት ናት። በስምንት አቅጣጫ እንደ ልቧ ስለምትሄድ፣ በባዶ ሰሌዳ መካከል ብትቆም በአንድ እርምጃ 27 ቤቶችን መድረስ ትችላለች። ንጉሡ ግን ቢበዛ 8 ቤት ቢደርስ ነው። ከሁሉም አነስተኛዋ ወታደር ናት። መጀመሪያ ስትነሣ ሁለት ቤት መሄድ ቢፈቀድላትም፣ ከዚያ ወዲያ አንድ አንድ ቤት ወደ ፊት ከመራመድ በስተቀር ወደ ኋላ መመለስ የላትም። ሆኖም ማንም ሳይበላት ሰሌዳውን አቋርጣ ማዶ ከደረሰች ራሷ ንግሥት ትሆናለች።

ብዙዎቹ ጠጠሮች ተበላልተው ጥቂቶቹ ሲቀሩ የጨዋታው ማብቂያ ደረሰ ይባላል። ላላወቀው ሰው ማብቂያው ቀላል ይመስላል። ሰሌዳው ባዶ ነው፤ ጠጠሩ ጥቂት ነው። እውነቱ ግን ከዚህ ይለያል። ጠጠር ሲበዛ አንዱን ስሕተት ሌላው ጠጠር ሊሸፍነው ይችላል። በማብቂያው ላይ ግን የሚሸፍን የለም፤ አንዲት የተሳሳተች እርምጃ የአራት ሰዓት ድካም ገደል ልትከት ትችላለች። በተለይም በሁለቱም ወገን ንግሥቶች የቀሩበት ማብቂያ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም ንግሥቲቱ በየእርምጃው የምትመርጠው መንገድ ብዙ ስለሆነ ነው።

ለዚህ ችግር ታላላቅ ተጫዋቾች አንድ ዘዴ አላቸው። የሶቪየት ኅብረቱ አሌክሳንደር ኮቶቭ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በብዙ አገር በተነበበው መጽሐፉ ዘዴውን አስፋፍቶ አስተምሯል። ይኸውም ዓይን ያረፈበትን የመጀመሪያ እርምጃ ከመጫወት በፊት፣ ሊታሰቡ የሚችሉትን እርምጃዎች በሙሉ መዘርዘር ነው። እነዚህም «ዕጩ እርምጃዎች» ይባላሉ። ለምርጫ የቀረቡ ዕጩዎች እንደ ማለት ነው። ከዚያም እያንዳንዱን ዕጩ በተራ ይዞ፣ «እኔ ይህን ብጫወት እሱ ምን ይመልሳል?» እያሉ እስከ መጨረሻው መመርመር ነው። ሁሉም ተመርምሮ ካለቀ በኋላ ብቻ ይመረጣል።

ይህን ምርመራ በቡድን ማድረግም የቆየ ልማድ ነው። በቀድሞው ጊዜ ረጅም ጨዋታ በአንድ ቀን ካላለቀ ለሌላ ቀን ይቀጠር ነበር። ተራው የደረሰው ተጫዋች ቀጣይ እርምጃውን በወረቀት ጽፎ፣ በኤንቨሎፕ አሽጎ ለዳኛው ይሰጣል። ሌሊቱን የቡድኑ ጓደኞች ሰሌዳውን ከበው የቀረውን ማብቂያ አብረው ሲፈትሹ ያድራሉ። በ1962 በቡልጋሪያ ከተማ በቫርና በተደረገው ኦሊምፒያድ፣ የዓለም ሻምፒዮኑ ሚካኤል ቦትቪኒክ ከወጣቱ አሜሪካዊ ከቦቢ ፊሸር ጋር ሲጫወት አንድ ወታደር ጎድሎበት ጨዋታው ለማግሥቱ ተቀጠረ። ሁኔታው የሽንፈት ይመስል ነበር። ሌሊቱን በተደረገው የቡድን ምርመራ ግን የቡድኑ ባልደረባ ዬፊም ገለር መዳኛ መንገድ አገኘ፤ ቦትቪኒክም በማግሥቱ አቻ ወጣ። ሻምፒዮኑ ያላየውን ጓደኛው አየለት ማለት ነው። ኮምፒዩተሮች እየበረቱ ሲሄዱ ጨዋታን ማሳደር በ1990ዎቹ እየቀረ ሄደ። በዚያው ዘመን መጨረሻ ላይ ግን ከዚህ ሁሉ የሰፋ የጋራ ምርመራ ተደረገ።

አንድ ሰው ከዓለም ጋር

ጊዜው ሰኔ 14 ቀን 1991 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር፤ በአውሮፓውያኑ ሰኔ 21 ቀን 1999 መሆኑ ነው። በአንድ ወገን የተቀመጠው ጋሪ ካስፓሮቭ ነው። ካስፓሮቭ በ1963 በባኩ ከተማ ተወለደ፤ አባቱ ገና በልጅነቱ ስለ ሞተበት ያሳደገችው እናቱ ክላራ ናት። በ1985፣ በ22 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1999ም ተወዳዳሪ አልተገኘለትም ነበር። በሌላው ወገን የተሰለፈው «ዓለም» ነው። በኢንተርኔት አማካይነት መግባት የፈለገ ሁሉ መግባት ይችል ነበር። ከ75 በላይ ከሆኑ አገሮች ከ50,000 በላይ ሰዎች ተሳተፉ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ካስፓሮቭ አንድ እርምጃ ይጫወታል፤ ዓለም ለመልሱ 24 ሰዓት ይሰጠዋል። አራት ወጣት አማካሪዎች የየራሳቸውን ዕጩ እርምጃ ከነምክንያቱ ያቀርባሉ። ሕዝቡም በውይይት ሰሌዳ ላይ ይከራከራል፤ ከዚያም ድምፅ ይሰጣል። ብዙ ድምፅ ያገኘችው እርምጃ ትጫወታለች። ከአራቱ አማካሪዎች ሁለቱ ወንዶች ነበሩ፤ ፈረንሳዊው ኤቲየን ባክሮና አሜሪካዊው ፍሎሪን ፌሌካን። ሁለቱ ደግሞ ልጃገረዶች ነበሩ፤ የ14 ዓመቷ ጀርመናዊት ኤሊዛቤት ፔትስና የ15 ዓመቷ አይሪና ክሩሽ።

አይሪና በ1983 በኦዴሳ ተወለደች። በ5 ዓመቷ ቼዝ ተማረች፤ ያኔውኑ ከወላጆቿ ጋር ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደች። በ14 ዓመቷም የአሜሪካ የሴቶች ሻምፒዮን ሆናለች። ከካስፓሮቭ ጋር በተደረገው ጨዋታ በ10ኛው እርምጃ ላይ ከዚያ በፊት ያልተለመደ የንግሥት እርምጃ አቀረበች፤ ሕዝቡም ተቀበላት። ጨዋታው ከተለመደው መንገድ ወጥቶ እጅግ የተወሳሰበው ከዚያ በኋላ ነው።

ነገር ግን አይሪና ተሰሚነት ያገኘችው ጎበዝ ተጫዋች በመሆኗ ብቻ አይደለም። በዚያ ወገን ከሷ የበለጡ ተጫዋቾችም ነበሩ። ልዩ ያደረጋት አሠራሯ ነው። ከየአገሩ የሚመጣውን ሐሳብ ታነባለች፤ ጥሩውን ትለያለች፤ ማን ምን እንደ መረመረ ትመዘግባለች። በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ በአሌክሳንደር ካሊፍማን ይመራ ከነበረው የቼዝ ትምህርት ቤት ጋርም ትመካከራለች። ዕጩ እርምጃዎቹ እንደ ዛፍ ተደርገው ይዘረጋሉ። ግንዱ ዛሬ ያለው ሁኔታ ነው፤ ቅርንጫፉ «ይህን ብንጫወት» ነው፤ ቅጠሉ «እሱ ይህን ቢመልስ» ነው። አንድ ሰው የደከመበትን ሌላው እንደገና አይደክምበትም። ስሕተት ከተገኘ ቅርንጫፉ ይቆረጣል። የማንም ሐሳብ ቢሆን ተመርምሮ እንጂ ተንቆ አይጣልም። ከ10ኛው እስከ 50ኛው እርምጃ ድረስ ሕዝቡ በየጊዜው የአይሪናን ምክር ተከትሎ ድምፁን ሰጠ።

ካስፓሮቭም ቀላል ጊዜ አላሳለፈም። ከረዳቶችና ከኮምፒዩተር ጋር ሆኖ ብዙ ደክሟል። የዓለምን የውይይት ሰሌዳ ያነብ እንደ ነበርም በኋላ አልሸሸገም።

51ኛው እርምጃ

በ31ኛው እርምጃ የሁለቱም ወገን ንግሥቶች ተበላልተው ነበር። ከዚያ በኋላ በወታደሮች ሩጫ ተያያዙት። በ50ኛው እርምጃ የካስፓሮቭ አንዲት ወታደር ማዶ ደርሳ ንግሥት ሆነች፤ የዓለምም ወታደር ወዲያው ደርሳ ንግሥት ሆነች። ሰሌዳው ላይ የቀሩት ሰባት ጠጠሮች ናቸው። ካስፓሮቭ ንጉሥ፣ ንግሥትና አንዲት ወታደር አሉት። ዓለም ንጉሥ፣ ንግሥትና ሁለት ወታደሮች አሉት።

«እንግዲያው ዓለም ይበልጣላ!» ትሉ ይሆናል። አይደለም። የካስፓሮቭ ወታደር ንግሥት ለመሆን የቀሯት ሦስት እርምጃዎች ብቻ ነበሩ። የዓለም ወታደሮች ግን ቢያንስ አምስት አምስት እርምጃ ይቀራቸው ነበር። ሁለት ደካሞች ከአንድ ደርሶ ከሚጠብቅ አይሻሉም። ከዚህም በላይ የራስ ወታደር አንዳንዴ በራስ ንግሥት መንገድ ላይ ቆማ ትከለክላታለች።

በዚህ ጊዜ ካስፓሮቭ ንግሥቱን ከራሱ ንጉሥ ጀርባ አቆማት። ይህ ብልኃት ነው። ንግሥቲቱ፣ የካስፓሮቭ ንጉሥና የዓለም ንጉሥ በአንድ ሰያፍ መሥመር ላይ ሆኑ። የካስፓሮቭ ንጉሥ ፈቀቅ ባለ ቅጽበት ከኋላው ያለችው ንግሥት የዓለምን ንጉሥ በቀጥታ ታየዋለች። መጋረጃ ሲገለጥ እንደ ማለት ነው።

ለዓለም ዋነኞቹ ዕጩ እርምጃዎች ሁለት ሆኑ። አንደኛው፣ መጋረጃው ሳይገለጥ በፊት ንጉሡን ከመሥመሩ አውጥቶ ጥግ ማስያዝ ነው። ሁለተኛው፣ ጊዜ ሳያጠፉ ከወታደሮቹ አንዷን ወደ ፊት መግፋት ነው። አንደኛው «አደጋውን አስቀድመን እናስወግድ» ይላል፤ ሁለተኛው «ሩጫ ላይ ነንና እንሩጥ» ይላል። ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው። እዚህ ላይ ሕዝቡ ተከፈለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም የአይሪና ምክር ሳይጸና ቀረ። በጥቂት የድምፅ ብልጫ ወታደሯ ተገፋች። ካስፓሮቭም ንጉሡን ፈቀቅ አደረገ፤ መጋረጃው ተገለጠ፤ የዓለም ንጉሥም ተነሥቶ ለመሸሽ ተገደደ።

ዓለም በዚህ አልወደቀም። ውይይቱ ቀጠለ፤ ጨዋታው ለሌላ ጥቂት ሳምንታት ተጎተተ። ነገር ግን ከዚህ በኋላ ሁሉም በአንድ ዛፍ ሥር መቀመጡን ተወ። አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ ይፈትሽ ጀመር።

58ኛው እርምጃ

የጨዋታው አሳዛኝ ቀን 58ኛው እርምጃ ነው። የካስፓሮቭ ወታደር ለንግሥትነት ሁለት እርምጃ ሲቀራት፣ ዓለም ንግሥቱን ከሁለት ቤቶች ወደ አንዱ መውሰድ ነበረበት። ሁለቱ ቤቶች ጥግ ለጥግ የሚነካኩ ጎረቤታሞች ናቸው። ለማያውቅ ሰው ልዩነታቸው አይታይም።

አይሪና መርምራ አንደኛውን መረጠች። ነገር ግን የመልእክት መዘግየት ሆነና ምክሯ ድምፅ መስጠት ሲጀመር በቦታው አልነበረም። ሕዝቡ የቀረበለትን አይቶ ሁለተኛውን ቤት መረጠ። ከዚያች እርምጃ በኋላ ጨዋታው አልዳነም። የአይሪና እርምጃ ብትጫወት ኖሮ ምን ይሆን ነበር በሚለው ላይ አዋቂዎቹ ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። የማያከራክረው ግን ይህ ነው። ለአራት ወር ያህል ከማንም በላይ ስትመረምር የከረመችው ልጅ ያየችው ነገር፣ ወሳኞቹ ጆሮ ሳይደርስ ተወሰነ።

በ62ኛው እርምጃ የካስፓሮቭ ወታደር ከበሩ ላይ ቆመች። ካስፓሮቭ በ28 እርምጃ ውስጥ ንጉሡን መውጫ እንደሚያሳጣ በኮምፒዩተር አረጋግጦ አሳየ። ጥቅምት 11 ቀን 1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከድምፅ ሰጪዎቹ 51 በመቶው «ተሸንፈናል» ብለው ድምፅ ሰጡ፤ ጨዋታውም አበቃ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። በዚያን ጊዜ ድሩ አብሮ ነበር፤ አንበሳው ግን አመለጠ። ያመለጠው ድሩ ስላነሰ አይደለም፤ በመጨረሻው ሰዓት ክሩ ስለ ተለያየ ነው እንጂ። ሆኖም ሁሉም ተሸንፈው አልቀሩም። አይሪና ክሩሽ በ2013 ግራንድ ማስተር የተባለውን ከፍተኛ የቼዝ ማዕረግ አገኘች፤ ለአሜሪካ ከሚጫወቱ ሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። የአገሯንም የሴቶች ሻምፒዮና 8 ጊዜ አሸንፋለች። ኤሊዛቤት ፔትስም በ2022 ያንኑ ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጀርመናዊት ሆነች።

የጎረቤቴ ልጅ

ይህን ጨዋታ በጽሑፍ ካነበብኩ ቆይቻለሁ። ሰሞኑን ያስታወሰኝ ግን የአንዲት ጎረቤቴ ወግ ነው። ጎረቤቴ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ይሠራሉ፤ ባለቤታቸው ሾፌር ናቸው። አራት ልጆች አሏቸው፤ ታላቋ ያኔ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች።

ባለፈው ዓመት ከገጠር ስልክ ተደወለ። የጎረቤቴ እናት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ አስታማሚ የላቸውም። ባልና ሚስት በዚያው ማታ ተቀመጡ። አባት፣ «ልጅቱ ትሂድ» አሉ። እናት ሥራ ቢተው ቤቱ አይቆምም፤ አባት መኪና ላይ ናቸው፤ ትንንሾቹ አይችሉም። ስለዚህ ትሂድ። ነገሩ ከሩብ ሰዓት በላይ አልወሰደም። «ተማክረን ወሰንን» አሉኝ ጎረቤቴ።

በማግሥቱ ንጋት ላይ አውቶቡስ ተራ ልጅቱን ሲሸኙ፣ ልጅቱ ቦርሳዋን እንደያዘች እንዲህ አለች።

«እማዬ፣ የአክስቴ ልጅ እኮ ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ቁጭ ብላለች። ከአያቴ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ ነው ያለችው። ሥራ እስካገኝ አያቴን ባስታምም ደስ ይለኛል ብላኝ ነበር።»

«ታዲያ ትናንት ማታ ለምን አልነገርሽንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ትኬቱ ተቆርጧል፤ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል። ልጅቱ ሄደች። «ለሁለት ሳምንት» የተባለው ወራት ሆነ። ፈተና አመለጣት። ዘንድሮ 8ኛን እየደገመች ነው፤ ጓደኞቿ 9ኛ ገብተዋል። አያትየው ድነዋል፤ እግዜር ይመስገን። ጎረቤቴ ግን ቡናውን እየቀዱልኝ፣ «ያን ዕለት ሌላ መንገድ የሌለ መስሎን ነበር እኮ» አሉኝ፤ ከዚያም ዝም አሉ።

እኔም 58ኛውን እርምጃ አስታወስኩ። በዚያ ቤት ክፉ ሰው አልነበረም። አባትም እናትም የሚወዱት ቤተሰባቸውን ነው። የጎደለው ፍቅር ሳይሆን ዝርዝር ነበር። ዕጩ እርምጃ ተብሎ የቀረበው አንድ ብቻ ሆነ፤ አንድ ዕጩ ባለበት ደግሞ ምርጫ የለም። ሁለተኛውን ዕጩ ታውቅ የነበረችው ልጅ ሳትጠየቅ ቀረች፤ በተናገረች ጊዜም ሰዓቱ አልፏል።

የእኛው ሰንጠረዥ

ታናሹን መስማት ለባህላችን እንግዳ ነው የሚሉ ይኖራሉ። የራሳችንን ጨዋታ እንመልከት። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ የቼዝ ወገን ነው። መክፈቻው «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠራቸውን እንደ ልብ ያንቀሳቅሳሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የራስ ወልደ ሥላሴን ግቢ ያየው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ እንደ ጻፈው፣ በሰንጠረዥ ጨዋታ ዙሪያ የቆመ ተመልካች ዝም ብሎ አያይም ነበር። ታላቁም ታናሹም፣ አገልጋዩም ሳይቀር፣ ጥሩ እርምጃ ካየ ሐሳቡን ይሰጥ ነበር።

እንግዲህ በራስ ፊት አገልጋይ ከተናገረ፣ በእናት ፊት ልጅ ቢናገር ምን ነውር አለው? ነገር ግን ሁሉም መናገሩ ብቻውን አይበቃም። በቤታችን ብዙውን ጊዜ የምንመካከረው በወረራ ዘዴ ነው፤ ሁሉም ተራ ሳይጠብቅ ይንቀሳቀሳል። ለመክፈቻ ይሁን። ኑሮ ጠጠሩ ጥቂት የሆነበት፣ አንዲት እርምጃ የማትመለስበት ማብቂያ ላይ ሲያደርሰን ግን ተራና ሥርዓት ያስፈልጋል።

በሦስት ስኒ ቡና

ዘዴውን ለማስታወስ ከቡናችን የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ቡናችን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይጠጣል። ከባድ ጉዳይ በቤት ሲገጥም ምክክሩንም በሦስት እንክፈለው።

በአቦል ዕጩዎቹ ይዘርዘሩ። ማንም አይተች፤ ማንም «ይህማ አይሆንም» አይበል። ልጆችም ይጠየቁ። በዝምታ የሚቀመጠው ልጅ በስሙ ይጠራ፤ «አንቺስ ምን ይታይሻል?» ይባል። የተባለው ሁሉ በደብተር ወረቀት ይጻፍ። ቢያንስ ሦስት መንገድ ሳይጻፍ ወደ ቶና አይታለፍ። ሦስተኛው መንገድ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ የሚመጣው ነው፤ ቆይተን ካልጠበቅነው አይመጣም።

በቶና እያንዳንዱ ይመርመር። «ይህን ብናደርግ ምን ይከተላል? ከዚያስ?» እያልን ቢያንስ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ፊት እንሂድ። ጎረቤቴ ቤት «ልጅቱ ትሂድ» ከተባለ በኋላ «ሁለቱ ሳምንት ቢረዝምስ?» የሚል አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ፈተናው ይታወስ ነበር። ዓለምም በ51ኛው እርምጃ የገጠመው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ የራስን ወታደር መግፋት መልካም ነው፤ ነገር ግን ከንጉሡ ጀርባ ያለችው ንግሥት ምን ትላለች?

በበረካ ይወሰን። ከመወሰኑ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይቅረብ፤ «ይህን ነገር ከሁላችንም በላይ የሚያውቀው ማን ነው? እሱስ ተናግሯል?» ስለ ትምህርት ቤት ከሆነ የምታውቀው ተማሪዋ ናት። ስለ ገበያ ከሆነ ዘንቢል የምትይዘው ናት። ስለ ሌሊት ተራ ከሆነ ተራው የደረሳት እናት ናት። እሷ ካልተናገረች በረካው ይቆይ። የቤታችን ጨዋታ እንደ ካስፓሮቭ ጨዋታ 24 ሰዓት ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ብዙውን ጊዜ አንድ ሌሊት ማሳደር ይቻላል፤ እነቦትቪኒክ በቫርና ያደረጉትም ይህንኑ ነው።

ከተወሰነ በኋላ ደግሞ ውሳኔው የሁላችንም ይሁን። ዕቅዱ ባይሳካ፣ «እኔ ብዬ ነበር» ማለት ለሚቀጥለው ምክክር አፍ ያዘጋል። ይልቅ ያችን የተጻፈች ወረቀት አውጥቶ፣ የትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሳትን አብሮ ማየት ይሻላል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ግን ለእያንዳንዱ እጅ ሲደርሰው ነው። ጎረቤቴ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለውጠዋል። ባለፈው ሳምንት የታናሽ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ለመለወጥ ሲመካከሩ፣ ታላቋን ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ እርሳሱን ለሷ ሰጧት። «አንቺ ጻፊ፤ መጀመሪያም አንቺ ተናገሪ» አሏት። እርሳሱን ተቀብላ ጥቂት ካሰበች በኋላ፣ አራት መንገድ ጻፈች። ወላጆቿ አስበውት የነበረው ሁለት ብቻ ነበር።

እናንተም ከቤተሰባችሁ ጋር ሞክሩትና እዩት። ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ድረስ ደኅና ሰንብቱ።